የጋራ ግድግዳ ሙቀት አጣሪ ኮሚቴ

ተራ ሰው ሲበርደው ማሞቂያ ያበራል። ይህ አርቆ ማሰብን የማይጠይቅ፣ ድመትም ብትችል የምታደርገው ነገር ነው። ሲበርደው ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ግን በየመንደሩ አይገኝም። በአንድ ከተማ፣ ቀለሙ በለቀቀ የኪራይ ሕንፃ ውስጥ፣ ከምድር ቤቱ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ እንዲህ ያለ ሰው ተገኝቶ ነበር። ጎረቤቶቹ ይህን ዕድል በየትኛው ሥራቸው እንዳገኙት እስከ ዛሬ አልገባቸውም። እኛ ታሪኩን የምናስቀምጠው ትውልድ እንዲማርበት ነው፤ ባይማርበትም እያነበበ ብርዱን ይረሳል።

ሰውየው በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ክትትል መምሪያ ምክትል ኃላፊ ነበሩ። ኃላፊው ከለቀቁ ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል፤ አዲስ ኃላፊ የሚመርጠውን ኮሚቴ የሚመሩት ግን ራሳቸው ምክትሉ ስለሆኑ ጉዳዩ ገና በጥናት ላይ ነው። ከዚህ የተነሣ አለቃ አልባ ምክትል ሆነው ኖረዋል፤ ሰው ሁሉ፣ ሚስታቸውም ጭምር፣ «ምክትል» ብሎ ይጠራቸዋል። ሚስታቸው በአንድ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ናት። ቀኑን ሙሉ ስትቀበል ትውልና ማታ ባዶ እጇን ትገባለች።

በዚያ ክረምት የምክትሉ እናት ሊከርሙ መጡ። ደረታቸውን ያማቸዋል፤ ብርድ ሲነካቸው ሳሉ ይነሣና አላስቀምጥ አላስተኛ ይላቸዋል። ወደ ምክትሉ ቤት መምጣታቸው ግን የጤና ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ምክትሉ ጎማ ነጋዴ ታላቅ ወንድም አላቸው፤ ይህ ወንድም በሕይወታቸው ሙሉ በሁሉም ነገር ቀድሟቸዋል፦ በመወለድ፣ በማግባት፣ በመክበር። ቤቱም ሰፊና ሙቅ ነው ይባላል። ምክትሉ ለብዙ ዓመታት «እማዬ አንድ ክረምት እንኳ እኔ ጋ ትክረም» እያሉ ሲለምኑ ኖረው በመጨረሻ ተሳካላቸው። እናታቸው ሻንጣቸውን ሲያስቀምጡ አንድ ነገር ብቻ አሉ፦ «ደረቴ ከቻለው እዚሁ እከርማለሁ። ካልቻለው ወንድምህ ይወስደኛል።»

ምክትሉ ይህን እንደ ቀላል አላዩትም። እናታቸውን ይወዳሉ፤ ከልባቸው ይወዳሉ፤ ሹፌር ያለው መኪና መጥቶ ከደጃቸው ሲወስድባቸው በዓይነ ሕሊናቸው እየታያቸው ምግብ አልወርድ ብሏቸው ያውቃል።

ችግሩ የመብራት ሂሳብ ነበር። ደመወዙ ከኪራይና ከአስቤዛ ሲተርፍ ለማሞቂያ የሚደርሰው መልካም ምኞት ብቻ ነው። አከራዩ እንዳይጠየቁ፣ «ግድግዳ አለው፣ ጣሪያ አለው፣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» የሚሉ ሰው ናቸው። እንግዲህ ምክትሉ ማሞቂያውን አብርተው ቆጣሪው ሲሽከረከር እያዩ ይንገበገባሉ፤ አጥፍተው ደግሞ እናታቸው ሲያስሉ ይንገበገባሉ። በሁለቱ መሐል አንድ ቀን ከሥራ መልስ ደክሟቸው የእናታቸው ክፍል ግድግዳ ላይ ቢደገፉ፣ ግድግዳው ለብ አላቸው።

«ኑ! ቶሎ ኑ!» ብለው ጮኹ።

ሚስታቸው እሳት የተነሣ መስሏት ሮጣ መጣች። እሳት ቢሆን ኖሮ ደስ ባላት ነበር።

«እጅሽን እዚህ አድርጊ።»

ሚስት እጇን ለጠፈች። «ለብ ይላል።»

«ለምን ለብ አለ?»

«ከወዲያ ያለው ፀጉር አስተካካይ ማሞቂያ ስለሚያበራ ነዋ።»

«እኮ! እሱ እያበራ እኛ ለምን እናበራለን?»

ሚስት እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ የምትሰጥ ሴት ብትሆን ትዳሩ እስካሁን አይቆይም ነበር። ምክትሉ ግን ጊዜ አላጠፉም፤ ካፖርታቸውን ቆልፈው ከአልጋው ግርጌ ቆሙ።

«ከዛሬ ጀምሮ ይህ ቤት ሙቀት አመንጪ መሆኑ ቀርቶ ሙቀት ተቀባይ ይሆናል» አሉ። «ያሉንን ግድግዳዎች አሟጠን በመጠቀም፣ ተጨማሪ ወጪ ሳንጠይቅ፣ ዘላቂነት ባለው መልኩ...»

«እናትህ ይበርዳቸዋል» አለች ሚስት።

«...ዕቅዱ እማዬን ታሳቢ ያደረገ ነው።»

አልጋው ተገፍቶ ከፀጉር አስተካካዩ ግድግዳ ጋር ተጣበቀ። ማሞቂያው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ወጣ። እናታቸው የአልጋውን መዞር በትዕግሥት ከተመለከቱ በኋላ ዓይናቸው የሚፈልገውን አጣ።

«ልጄ፣ ያ የሚሞቀው ዕቃ የት ገባ?»

«ጡረታ ወጣ እማዬ።»

«እኔም ጡረተኛ ነኝ። ከጎኔ ቢቀመጥ ምን ነበረበት?»

ዕቅዱ መጀመሪያ ላይ ያስመዘገበውን ውጤት መካድ አይቻልም። ግድግዳው ሞቀ፤ እናት ጀርባቸውን ሰጥተውት ዋሉ፤ ሳሉም ልኩን አላለፈም። ምክትሉ በመሥሪያ ቤታቸው ኮሪደር ላይ ለሚያገኙት ሁሉ «የሙቀት ጥገኝነት ነውር አይደለም፣ ስልት ነው» እያሉ ያስረዱ ጀመር። ሰሚውም አንገቱን እየነቀነቀ ወደ ሙቅ ቢሮው ይገባል።

ከዚያ ግድግዳው ቀዘቀዘ። መጀመሪያ ምክትሉ እጃቸው ደንዝዞ መሰላቸው፤ በጉንጫቸው ሞከሩት፤ በግንባራቸው ሞከሩት። ግድግዳው በረዶ ነበር። ደማቸው ፈላ፤ በዚያ ቤት ውስጥ የፈላ ነገር ይኸው ደማቸው ብቻ ነው። «ይህ ሰው እናቴ ከወዲህ መተኛቷን ያውቃል» አሉ። «እያወቀ ያጠፋል! ሰው እንዲህ ይጨክናል?»

ሚስት፣ «ሄደህ ጠይቀው እንጂ እዚህ ምን ያስጮህሃል?» አለቻቸው። ሄዱ።

ፀጉር አስተካካዩ በሩን የከፈተው ካፖርት ለብሶ፣ በካፖርቱ ላይ የሥራ ሽርጡን ደርቦ፣ አንገቱን በፎጣ ጠምጥሞ ነው።

«ልትወጣ ነበር?» አሉ ምክትሉ።

«ኧረ አሁን መግባቴ ነው ጋሼ። ይግቡ፣ ይግቡ።»

ሲናገር ትንፋሹ ይታያል። ምክትሉ ገብተው ሲቀመጡ ዓይናቸው አልጋው ላይ አረፈ። አልጋው ከጋራው ግድግዳ ጋር ተጣብቋል፤ ግድግዳው ባይኖር ኖሮ ፀጉር አስተካካዩና እናታቸው ጀርባ ለጀርባ ተኝተው በተገኙ ነበር።

«አልጋህን አዛወርከው?»

«ይሄ ግድግዳ ለብ ይል ነበር ጋሼ። እርስዎ ማሞቂያ ሲያበሩ ማለቴ ነው። እኔም ‹እሳቸው እያበሩ እኔ ለምን አበራለሁ› ብዬ...» ቃሉ እንዳመለጠው ሲገባው ምላሱን ነከሰ። «ማለቴ፣ ቤቴ ከልክ በላይ ስለሚሞቅ ነው። ምነው፣ እርስዎ ማብራቱን ተዉት እንዴ?»

በዚህ ጊዜ ማንም ተራ ሰው ስቆ፣ ሁለቱም ማሞቂያቸውን አብርተው ይለያዩ ነበር። ምክትሉ ግን ክብር የሚባል ነገር ያውቃሉ።

«እኔ ልተወው? ቤቴ እንዴት እንደሚሞቅ ብታይ! እናቴማ ‹አራግቡልኝ› ነው የምትለው። አንተስ?»

«እኔማ መስኮት ልከፍት ስል ነው ያንኳኩት።»

«ክፈተዋ።»

ፀጉር አስተካካዩ ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተ። ነፋሱ እንደ ባለቤት ገብቶ ተቀመጠ። ምክትሉ ይህን ሲያዩ ካፖርታቸውን ቁልፍ በቁልፍ ፈትተው አወለቁ፤ ፀጉር አስተካካዩም ፎጣውን ከአንገቱ ፈታ። እንዲህ ሆነው ብዙ ተጨዋወቱ።

«የዛሬ ሰው ስለ ጎረቤቱ አያስብም» አሉ ምክትሉ፣ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ።

«ስለ ራሱ ብቻ ነው ጋሼ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ።

በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ በተራው ሊጠይቅ መጣ። ምክትሉ እርምጃውን በበሩ ሥር ሲሰሙ ዘልለው የእናታቸውን ክፍል መስኮት ከፈቱ፤ የእናታቸውንም ብርድ ልብስ እስከ ጉልበታቸው ገፈፍ አደረጉት።

«እማማ፣ እንዴት ሰነበቱ?» አለ እንግዳው።

«ደህና ነኝ ልጄ። መስኮቱ የተከፈተ መሰለኝ።»

«ሞቆሽ እኮ ነው የከፈትነው እማዬ» አሉ ምክትሉ።

«ሞቆኝ ነው የምንቀጠቀጠው?»

ከዚያ ሳሉ ተነሣባቸው። ተነሥቶም ቶሎ አልተመለሰም። እንግዳው አንገቱን አቀርቅሮ ጠበቀና፣ «ብርድ ይሆን እንዴ ጋሼ?» አለ። ምክትሉም፣ «የሙቀት ሳል ነው። በጣም ሲሞቅ ይነሣባታል» አሉት።

ያን ዕለት ታላቅ ወንድማቸው ደወለ። «እማዬ እንዴት ናት? ክረምቱ ከብዷል፤ መጥቼ ልውሰዳት?»

«ምን በወጣት!» አሉ ምክትሉ። «ቤታችን ሙቀቱ ሞልቶ በመስኮት እየፈሰሰ ነው።»

ስልኩን ሲዘጉ እናታቸውን አዩአቸው። እጃቸውን እጅጌያቸው ውስጥ ከትተው፣ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው፣ ሳሉ ተመልሶ እንዳይነሣ ትንፋሻቸውን በልክ በልክ ይስባሉ። ምክትሉ ቁም ሣጥኑን ቀና ብለው አዩት። ነገር ግን አንድ ዕቅድ በትግበራ ላይ እያለ መሐል ላይ ማጠፍ ለሌሎች መጥፎ አርአያ ስለሚሆን፣ ሌላ ካልሲ ደርበውላቸው ወጡ።

ብዙም ሳይቆይ እናታቸው ፍራሻቸውን ከአልጋው ላይ አስወርደው መሬት ላይ አስነጠፉ።

«ወለሉ ይሻለኛል» አሉ። «ከሥር ለብ ይላል።»

«እማዬ፣ ዕቅዱ የግድግዳ ነው» አሉ ምክትሉ በትዕግሥት። «ወለል አልተካተተም።»

«ባይካተትም ይሞቃል ልጄ።»

ምክትሉ የእርጅና ነገር ነው ብለው አለፉት። በእሳቸው ግምት ጉዳዩ ከአንድ ቤት አቅም በላይ ሆኗል። ስለዚህ ነዋሪውን በደረጃው ላይ ጠሩ። ፀጉር አስተካካዩ መጣ። ከላይኛው ፎቅ ጡረተኛው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ባርኔጣቸውን እስከ ጆሯቸው ደፍተው ወረዱ። ምድር ቤት የምትኖረው ልብስ አጣቢ እጇ ሥራ ላይ ስለነበር፣ ደግሞም ማንም ስላልጠራት፣ አልመጣችም።

«የተከበራችሁ ተከራዮች» አሉ ምክትሉ፣ አንድ ደረጃ ከፍ ብለው። «በሕንፃችን ውስጥ ሙቀት ጠፍቷል። ሙቀት ደግሞ በራሱ አይጠፋም። የወሰደው አካል አለ።»

«በሕግ ቋንቋ ስርቆት ይባላል» አሉ ጸሐፊው።

«ስርቆት እንዳንል ገና ማስረጃ የለንም። ለጊዜው ያለ አግባብ መሞቅ እንበለው።»

እንዲህ ሆኖ የጋራ ግድግዳ ሙቀት አጣሪ ኮሚቴ በሙሉ ድምፅ ተቋቋመ። የተሰበሰበው ሰው በሙሉ አባል ሆነ፤ ይህም ተቃዋሚ እንዳይኖር ረዳ። ኮሚቴውም ሥራውን ወዲያው ጀምሮ በየቤቱ ዞረ።

የፀጉር አስተካካዩ ማሞቂያ ከአልጋው ሥር ተገኘ፤ ጫማ ተደርድሮበታል። የጸሐፊው ማሞቂያ ጡረታ ሲወጡ ከሥራ ባልደረቦቻቸው የተሰጣቸው ሲሆን እስከ ሪባኑ በካርቶኑ ውስጥ ነው።

«ለምን አልከፈቱትም?» አላቸው ፀጉር አስተካካዩ።

«ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል። እኔ ደግሞ ላይ ነኝ። የተፈጥሮ ሕግ ከእኔ ጋር እያለ ለምን እከፍታለሁ?» አሉ ጸሐፊው፣ ምክትሉን በወቀሳ እያዩ። «ሲወጣ ግን አላየሁም።»

ኮሚቴው በዚህ ደረጃ ላይ ግራ ተጋባ። ሁሉም ነዋሪ ማሞቂያ አለው፤ ሁሉም በጥንቃቄ አስቀምጦታል፤ ሁሉም የሌላውን ሙቀት በትዕግሥት ይጠብቃል። ይህን ያህል ጥንቃቄ ተደርጎ ሕንፃው መቀዝቀዙ ሊገለጽ የማይችል ነገር ነው። ያልታየ አንድ ቤት ብቻ ቀረ። ወደ ምድር ቤት ወረዱ።

ልብስ አጣቢዋ በሩን ስትከፍት ከውስጥ የወጣው አየር የምክትሉንና የጸሐፊውን መነጽር ባንዴ አደበዘዘው። ክፍሉ ከዳር እስከ ዳር በገመድ ተወጥሯል፤ አንሶላው፣ ሸሚዙ፣ የጠረጴዛ ልብሱ ተሰቅሏል። መሐል ላይ ማሞቂያው ፍም መስሎ ተቀምጧል። ከእሱ በላይ ጣሪያው፣ ከጣሪያው በላይ የምክትሉ ቤት ወለል ነው። ይህን ግን በዚያ ሰዓት ማንም አላሰበም።

«ምን ልታዘዝ?» አለች።

«ለምርመራ ነው የመጣነው» አሉ ምክትሉ።

«እንግዲያው በሩን ዘግታችሁ መርምሩ፤ ብርድ እያስገባችሁብኝ ነው።»

ምርመራው እጅግ ጥልቅ ነበር። አባላቱ ወንበር ስበው ማሞቂያውን ከበቡት። ፀጉር አስተካካዩ በመጀመሪያ በመዳፉ፣ ቀጥሎ በመዳፉ ጀርባ መረመረ። ጸሐፊው ጫማቸውን አውልቀው በእግራቸው መረመሩ። ምክትሉ ዞረው፣ ካፖርታቸውን ገለጥ አድርገው፣ በጀርባቸው ለረጅም ጊዜ መረመሩ። ሥራው ሲያልቅ ሁሉም ፊታቸው ቀልቶ፣ አንደበታቸው ተፈቶ ነበር።

«በሕንፃው ውስጥ የጠፋው ሙቀት በሙሉ እዚህ ተገኝቷል» አሉ ምክትሉ።

«እንዴት ነው የጠፋው?»

«ከላይም ከጎንም ወደ እርስዎ ቤት እየተሳበ።»

ልብስ አጣቢዋ እርጥብ ሸሚዝ በእጇ እንደያዘች አየቻቸው። «ጋሼ ምክትል፣ እኔ እኮ ማሞቂያ አብርቼ ነው። እናንተ ታበራላችሁ?»

«ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው።»

«ኧረ በምታምኑት! እርጥብ አንሶላ ለደንበኛ አይሰጥ፤ በዚህ ዝናብ ውጭ ላስጣው?»

«ልብሱ ከደረቀ በኋላስ?» አሉ ጸሐፊው፣ በድሮው ችሎት ድምፃቸው። «ከደረቀ በኋላም ሲበራ ይቆያል?»

ልብስ አጣቢዋ ትንሽ አመነታች። «ይቆያል። እሱ እንኳ ለልብሱ አይደለም፤ እዚህ ከላይ ያሉት እማማ...»

«ስሜታዊ ጉዳዮች በሌላ መድረክ ይታያሉ» አሉ ምክትሉ። ከዚያም ውሳኔውን በቃል አሰሙ። የተወሰደው ሙቀት ወደየባለቤቱ እስኪመለስ ድረስ ማሞቂያው እንዲጠፋ፤ ይህ ባይሆን አከራዩ በቤታቸው ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ሥራ እንደሚካሄድ እንዲያውቁ ይደረጋል።

ሴትዮዋ ይህን የመጨረሻውን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። አከራዩን ታውቃቸዋለች፤ እሳቸው ሰውን ለማስወጣት ሰበብ እንጂ ምክንያት አይፈልጉም። ከውኃ ብዛት የተላጠ እጇን በሽርጧ ጠረገችና የማሞቂያውን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለች።

«እሺ፣ ጠፋ። ሙቀታችሁ ሲመለስላችሁ ንገሩኝ።»

ሙቀቱ አልተመለሰም። ምናልባት በመንገድ ላይ የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ይሆናል። ይልቁንም ሕንፃው ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው አንድ ዓይነት ሆነ። ምክትሉ ይህን «ፍጹም እኩልነት» ብለው ገለጹት፤ ፀጉር አስተካካዩም በጓንት አጨበጨበ።

እናታቸው ግን ፍራሻቸው ላይ ተገላብጠው ወለሉን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ይሄ ወለል ደግሞ ምን ነካው?» አሉ።

ሳሉ ከዚያ ጀመረ። የበፊቱ ሳል መቅድም ነበር ማለት ይቻላል። ቃል ሲጀምሩ ይቆርጣቸዋል፤ ውኃ ሲያነሡ ያስደፋቸዋል። እሑድ ከሰዓት ላይ ከንፈራቸው አመድ መሰለ። ምክትሉ በእናታቸው ራስጌ ተንበርክከው እጃቸውን ቢይዟቸው የእናታቸው እጅ ከግድግዳው ይልቅ ቀዘቀዛቸው። ያኔ ፈሩ። በሕይወታቸው ብዙ ስጋትን በየሪፖርቱ ጽፈዋል፤ እንዲህ ፈርተው ግን አያውቁም።

እናታቸው ትንፋሽ ሲያገኙ፣ «ልጄ» አሉ። «ለወንድምህ ደውልለት።»

ምክትሉ ወደ ስልኩ አልሄዱም። ሚስታቸው ወንበር ስባ፣ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ተንጠራርታ ማሞቂያውን አወረደች፤ ፕላስቲኩን ቀዳ ጥላ ከፍራሹ አጠገብ አቆመችው።

«በል ሰካው» አለች።

ምክትሉ ገመዱን አንሥተው ወደ ሶኬቱ ሄዱ። ሶኬቱ ያለው በጋራው ግድግዳ ላይ ነው። ጎንበስ ካሉ በኋላ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«ከወዲያ ያለው ሰው...»

«የቱ ሰው?»

«ፀጉር አስተካካዩ ነዋ። አሁን እኛ ብናበራ በነጻ ሊሞቅ ነው።»

ሚስት ወደ እሳቸው ዞረች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር፣ «እናትህ ትንፋሽ እያጠራቸው ነው» አለች።

«አውቃለሁ! እኔ ያልኩት የፍትሐዊነቱ ነገር...»

በሩ ተንኳኳ። ልብስ አጣቢዋ ነበረች፤ ፎጣ ደርባ፣ ዓይኗ እንቅልፍ አጥቶ አብጦ ገባች።

«እማማን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለች። «ሳላቸው በጣሪያዬ በኩል ይሰማኛል። የኔ ማሞቂያ ሲበራ ጋብ ይልላቸዋል፤ ሳጠፋው ይብስባቸዋል። ልብሱ ደርቆም የማላጠፋው ለሳላቸው ብዬ ነበር። ያን ዕለት ልነግራችሁ ስል አጀንዳ አላችሁኝ።» ምክትሉ ሲያፈጡባት ቆጣ አለች። «ጻድቅ ነኝ አላልኩም! እሳቸው ሲያስሉ እኔም አልተኛም፤ ጠዋት ቆሜ የማጥበው እኔ ነኝ።»

ምክትሉ አፋቸውን ከፈቱ። ምንም ቃል አልወጣም፤ በሥራ ዘመናቸው እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም። ገመዱን እንደያዙ፣ እናታቸው ሲሞቁበት የኖሩትን ወለል ቁልቁል ተመለከቱ። አፈሩ፤ እውነተኛ እፍረት ነበር፤ ጆሯቸው ሲግል ለራሳቸው ታወቃቸው።

እናታቸው በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ቤትሽ ለአንዲት አሮጊት ቦታ አለው?»

«አንሶላ ሥር መቀመጥ ካልከበደዎት ሞልቷል። ከሰው ፊት ግን እንዳይናገሩብኝ፤ ገና ‹ማሞቂያሽን አጥፊ› እንደተባልኩ ነኝ።»

«ነዪ ደግፊኝ።»

«እማዬ» አሉ ምክትሉ፣ ድምፃቸው እየሰለለ፣ «ወደ ወንድሜ ልትሄጂ ነው?»

«የወንድምህ ቤት ሩቅ ነው። የዚች እዚሁ ነው» አሉ እናታቸው፤ በልብስ አጣቢዋ ትከሻ ተደግፈውም ወጡ። ሚስት ፍራሹን ጠቅልላ ተከተለቻቸው። ማሞቂያው ባዶ ክፍል ውስጥ ቆሞ ቀረ።

ኮሚቴው በማግስቱ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጦ እገዳውን በልዩ ሁኔታ አነሣ። የምድር ቤቱ ማሞቂያ ከበራ አንድ ቀን አልፎታል፤ ስለሆነም በሕንፃው ታሪክ አፈጻጸሙ ውሳኔውን የቀደመ ብቸኛው ሥራ ሆነ። ምክትሉ በመዝጊያ ንግግራቸው ለተገኘው ውጤት አባላቱን አመስግነዋል። ልብስ አጣቢዋ እጇ ሥራ ላይ ስለነበር አልተገኘችም።

በዚያው ሳምንት ታላቅ ወንድም ደወለ።

«እማዬ እንዴት ናት?»

«በጣም ደህና ናት» አሉ ምክትሉ። «ሞቋታል። ሳሉም ለቋታል።» ከክረምቱ መግባት ወዲህ ለወንድማቸው እውነት ሲናገሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«ጎበዝ! እኔኮ አትችልም ብዬ ነበር። እስቲ አገናኘኝ።»

«አሁን... ለመስክ ሥራ ወጥታለች።»

ተራ ሰው ቢሆን ከዚህ ሁሉ በኋላ ማሞቂያውን አብርቶ፣ ታች ወርዶ፣ ይቅርታ ጠይቆ እናቱን ይመልስ ነበር። ምክትሉም አንድ ጊዜ ታች ሊወርዱ ተነሥተው ነበር። እግራቸው ግን ባዶው ክፍል ውስጥ ሲያልፍ አንድ ነገር አስተዋለ፦ ወለሉ ለብ ብሏል። ቆሙ። ጫማቸውን አወለቁ። ማሞቂያውን መልሰው ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀሉትና ከነካፖርታቸው ወለሉ ላይ ተጋደሙ። ዕቅዱ መሠረተ ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ የጎደለው የግድግዳና የወለል ቅንጅት ብቻ ነው። ይህን ለማስረዳት ሚስታቸውን ተጣሩ።

«ታች ነኝ!» አለች ሚስት ከወለሉ ሥር።

ምክትሉ ጉንጫቸውን ወለሉ ላይ አደረጉ። ከሥር ሴቶቹ ሲያወሩ ይሰማል፤ አንሶላ ሲረግፍ ይሰማል፤ እናታቸው ሳል ሳያቋርጣቸው፣ ከልባቸው፣ ረጅም ሳቅ ሲስቁ ይሰማል። እንዲህ ሲስቁ ከሰሟቸው ብዙ ዘመን ሆኗል። ደስ አላቸው፤ ወዲያው ደግሞ ከፋቸው፤ ወዲያው ደግሞ እግራቸውን በረዳቸው። በዚያ ቤት ሳል ምን እንደሚያስገኝ አሁን ያውቃሉና፣ ወደ ወለሉ ጠጋ ብለው ጎላ አድርገው አሳሉ።

ከታች ወሬው ቆመ።

«እማማ» አለች ልብስ አጣቢዋ፣ «ጋሼ ምክትልንም ሳል ያዛቸው መሰለኝ። ማሞቂያውን ትንሽ ልጨምረው?»

«ኧረ ተይ ልጄ» አሉ እናታቸው። «እሱን አንቺ አታውቂውም። ሞቅ ሲለው ንግግር ይጀምራል። ይልቅስ ቀነስ አድርጊው።»